የብርሃኑን ዋጋ ማን ይከፍላል? የእጅ ሰዓት ስክሪን አጭር ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ ትንሽ ስለምትመስል ግን በእያንዳንዳችን እጅ ላይ ስላለች ነገር እንጽፋለን። ወጣቶች ሰዓት ሊገዙ ሲያስቡ «አሞሌድ ይሻላል ወይስ የድሮው ካሲዮ?» እያሉ ይጠይቁናል። ሻጩ በበኩሉ «ስክሪኑ አሞሌድ ነው፣ ኤችዲ ነው» እያለ ዋጋውን ይቆልላል። እኛ ደግሞ መልሱን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከታሪኩ ብንፈልገው ይሻላል ብለን አሰብን።

የእጅ ሰዓት ዋና ሥራው ሰዓቱን ባየነው ጊዜ ማሳየት ነው። ለመታየት ግን ብርሃን ያስፈልጋል። ብርሃኑ ከየት ይምጣ? ዋጋውንስ ማን ይክፈል? ባለፉት መቶ ዓመታት በእጅ ሰዓት ፊት ላይ የተፈራረቁት ቴክኖሎጂዎች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመርዝ የበራው ፊት

የእጅ ሰዓት በወንዶች ዘንድ በሰፊው የተለመደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር በሌሊት ሰዓት ማየት አለበት፤ ክብሪት ቢጭር ግን ጠላት ያየዋል። መፍትሔ የተባለው ራዲየም ነበር። ጥቂት ራዲየም ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ተደባልቆ የሰዓቱ ቁጥሮችና ቆጣሪዎች ይቀቡበታል። ከራዲየሙ የሚወጣው ጨረር ዚንክ ሰልፋይዱን ሲመታው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ባትሪ አያስፈልገውም፣ ፀሐይ አያስፈልገውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሰዓቱን ያሰሩት ሰዎች አልነበሩም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ከ1917 ጀምሮ ወጣት ሴቶች፣ ብዙዎቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ የሰዓት ፊት እየቀቡ ይውሉ ነበር። ቁጥሩ ቀጭን ስለሆነ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲቀቡ ተነገራቸው። ቀለሙ ምንም ጉዳት እንደሌለው አረጋገጡላቸው። የፋብሪካው ኬሚስቶች ግን ራዲየሙን ሲይዙ ራሳቸውን በእርሳስ መከላከያ ይጠብቁ ነበር። ራዲየም ባሕርይው ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። የልጃገረዶቹ ጥርስ ረገፈ፣ መንጋጋቸው በሰበሰ፣ አጥንታቸው ተሰበረ። በ1927 ግሬስ ፍራየር የተባለችው ሠራተኛና አራት ጓደኞቿ ዩናይትድ ስቴትስ ራዲየም ኮርፖሬሽንን ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና የዓመት ጡረታ ለመክፈል ተስማማ። ከሳሾቹ ግን ገንዘቡን ረጅም ዘመን ተቀምጠው የሚበሉበት ጤና አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። የራዲየም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የዚንክ ሰልፋይዱ ብርሃን ግን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ ከአያት የተወረሰ አሮጌ ወታደራዊ ሰዓት ማብራቱን ቢያቆምም መርዙ እዚያው አለ። እንዲህ ያለ ሰዓት ያላችሁ መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙንም አትፋቁ። ዛሬ በጨለማ የሚያበሩ የሰዓት ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ቀለም ቀን ብርሃን አጠራቅሞ ሌሊት ቀስ እያለ የሚመልስ ሲሆን ጨረር የለውም።

ሁለት እጅ የሚፈልገው ሰዓት

በ1962 ኒክ ሆሎንያክ የተባለ አሜሪካዊ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ሃሚልተን የተባለው የሰዓት ኩባንያ «ፑልሳር» ብሎ የሰየመውን ሰዓት አስተዋወቀ። ቆጣሪ የለውም፣ የሚሽከረከር ጥርስ የለውም። ጥቁር መስታወት ብቻ ነው፤ ቁልፉን ስትጫነው ቀይ ቁጥር ይወጣል። በ1972 ገበያ ላይ ሲውል ባለ 18 ካራት ወርቁ 2,100 ዶላር ተሸጠ። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ አዲስ ትንሽ መኪና ይገዛ ነበር።

ቁልፉ ለምን አስፈለገ? ኤልኢዲ ብርሃኑን ራሱ ያመርታል፣ ብርሃን ማምረት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ቢበራ የዚያን ጊዜዋ ትንሽ ባትሪ ወዲያው ታልቅ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ ጨልሞ ይቆያል፤ ባለቤቱ ሲጠይቀው ብቻ ለአንድ አፍታ ይበራል። ይህም ሁለት ጣጣ አመጣ። አንደኛ፣ ሰዓት ለማየት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሰዓቱን ያሰረው፣ ሌላው ቁልፉን የሚጫነው። በሌላው እጅህ ዕቃ ከያዝክ ሰዓቱ የለህም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በጠራራ ፀሐይ ቀዩ ብርሃን ይዋጣል።

እንዲያም ሆኖ ሰው ተሻማበት። በ1973 የጄምስ ቦንድ ተዋናይ በፊልም ላይ አድርጎት ታየ። ከዚያ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በፕላስቲክ የተሠራ ባለ ኤልኢዲ ሰዓት በ20 ዶላር መሸጥ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ 10 ዶላር አወረደው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባለጸጎች ጌጥ የነበረው ነገር የመንገድ ዳር ዕቃ ሆነ፤ ሰባዎቹ ሳያልቁም ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል። የጣለው ዋጋው ብቻ አልነበረም። ያነሰ የሚያበራ፣ ግን የበለጠ የሚታይ ተቀናቃኝ መጥቶበት ነው።

ብርሃን ተበዳሪው

ኤልሲዲ ማለት የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ነው። ፈሳሽ ክሪስታልን በ1888 ያስተዋለው ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። የያዘው ንጥረ ነገር ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ሆነበት። በ145 ዲግሪ ገደማ ደፍራሳ ፈሳሽ ይሆናል፣ በ178 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ይጠራል። በመካከል ያለው ደፍራሳ ነገር እንደ ፈሳሽ እየፈሰሰ እንደ ክሪስታል የተሰለፈ ነበር። ለሰማንያ ዓመት ያህል ይህ ግኝት ከላቦራቶሪ ብዙም አልወጣም።

በ1968 በአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ የጆርጅ ሃይልማየር ቡድን የመጀመሪያዎቹን የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪኖች ለሕዝብ አሳየ። የእነርሱ ዘዴ ግን ለእጅ ሰዓት ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጅ ነበር። መንገዱን የከፈቱት ማርቲን ሻድትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ናቸው። በታኅሣሥ 1970 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሆፍማን ላሮሽ ላቦራቶሪ እየሠሩ አዲስ ዘዴ አስመዘገቡ። በአሜሪካም ጄምስ ፈርጋሰን ተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ የእንግሊዙ ሐል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ጆርጅ ግሬይ በተራ የክፍል ሙቀት ሳይበላሽ የሚቆይ ፈሳሽ ክሪስታል አገኘ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በ1973 የጃፓኑ ሴኮ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድን በስድስት ቁጥር የሚያሳይ ባለ ኤልሲዲ ሰዓት አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ካሲዮ የመጀመሪያ ሰዓቱን ይዞ ተከተለ።

አሠራሩን ቀለል አድርገን እንየው። ሁለት ስስ መስታወቶች አሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሹ ክሪስታል ተጠምዞ ይተኛል። በላይና በታች ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ተለጥፏል። የሁለቱ ሽፋኖች አቅጣጫ የተጻረረ ስለሆነ በራሱ ብርሃን ማለፍ አይችልም። ግን የተጠማዘዘው ክሪስታል ብርሃኑንም አብሮ ስለሚጠመዝዘው ያልፋል፣ ከጀርባ ካለው አንጸባራቂ ነክቶ ይመለሳል፣ ስክሪኑም ገጣ ይመስላል። ቁጥሩ ባለበት ቦታ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው ክሪስታሉ ይቃናል፣ ብርሃኑ ይታገዳል፣ ቦታው ይጠቁራል። እኛ የምናነበው ያን ጥቁር ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ኤልኢዲ ብርሃን ይሠራል፤ ኤልሲዲ ግን ከአካባቢው ያገኘውን ብርሃን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ይቆማል፣ ባትሪውም ለዓመታት ይዘልቃል። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይነበባል። ከፀሐይ ብርሃን ተበድሮ ጊዜን ማሳየት ለሙስሊሙ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በደማስቆው ኡመውይ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር በ773 ዓመተ ሒጅራ ለመስጂዱ ሚናራ የሠራው የፀሐይ ሰዓት በዚሁ ብድር ነበር የሚሠራው።

ብድር ግን አበዳሪ ሲጠፋ ያስቸግራል። ጨለማ ውስጥ ኤልሲዲ አይታይም። ስለዚህ አምራቾች በጎን በኩል ትንሽ መብራት አስገቡ። በ1992 ታይሜክስ የስክሪኑን ጀርባ በሙሉ በሰማያዊ አረንጓዴ የሚያበራ ስስ ሉህ ይዞ መጣ። ሁለቱም ቁልፍ ይፈልጋሉ። ያም ሆኖ ቁልፉ የሚያስፈልገው በጨለማ ብቻ ነው።

ርካሽ መሆን ወንጀል የሆነበት ጊዜ

የዚህ ቴክኖሎጂ ምሳሌ የሚሆነው በ1989 የወጣው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ነው። ክብደቱ 21 ግራም፣ የባትሪው ዕድሜ እንደ አምራቹ 7 ዓመት ገደማ ነው። ከዓለም ዳር እስከ ዳር ተማሪው፣ ሹፌሩ፣ ወታደሩ፣ ገበሬው አሰረው። ሰዓት ማወቅ የሀብታም መብት መሆኑ ያበቃው በእንዲህ ያለ ስክሪን ነው።

ይኸው ሰዓት ግን በጓንታናሞ እስር ቤት ሌላ ትርጉም ተሰጠው። በ2011 ይፋ በወጡት የአሜሪካ ጦር ሰነዶች ከ50 በላይ በሆኑ የእስረኛ ፋይሎች ውስጥ የካሲዮ ሰዓት ተጠቅሷል። ምክንያታቸው ይህ ዓይነት ሰዓት በአፍጋኒስታን ለቦምብ ሥልጠና ይሰጥ ነበር የሚል ነው። ካሲዮ ለቦምብ መቆጣጠሪያነት የዋለበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን በየሱቁ የሚሸጥ ሰዓት ስለ ባለቤቱ ልብ ምን ሊናገር ይችላል? ከታሳሪዎቹ አንዱ ሰዓቱን የመረጠው ርካሽ፣ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ በመሆኑ ለውዱእ ስለሚመቸው እንደሆነ አስረዳ። ሌላው ደግሞ የእስር ቤቱ የሃይማኖት መኮንኖች ራሳቸው ያንኑ ሰዓት እንደሚያደርጉ ተናገረ። ይህን ያነሳነው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ሰውን በሠራው ሥራ እንጂ ባሰረው ዕቃ መመዘን ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ነው። እኛም በሰው እጅ ላይ ያለውን ሰዓት አይተን «ይህ ድሃ ነው፣ ያ ዘመናዊ ነው» ስንል ያንኑ ስሕተት በትንሹ እየደገምነው ነው።

ቁልፉ ተመልሶ መጣ

በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ ሳሉ ኦሌድ የተባለውን ቴክኖሎጂ አስተዋወቁ። ዛሬ አሞሌድ እየተባለ የሚሸጠው የዚሁ ዘር ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ጥቁር በሆነው ቦታ ፒክስሉ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ከጎን ሲታይም አይደበዝዝም። ካርታ፣ ፎቶና መልእክት ለማየት የሚስተካከለው የለም።

ነገር ግን ብርሃን ማምረት ዛሬም ባትሪ ይበላል። የአፕል ሰዓት በ2015 በኦሌድ ስክሪን ሲወጣ ምን ሆነ? ስክሪኑ ጨልሞ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ እጁን ሲያነሳ ይበራል። ከ43 ዓመት በኋላ ፑልሳር ተመልሶ መጣ ማለት ነው! ቁልፉ ብቻ ተቀይሮ የእጅ እንቅስቃሴ ሆነ። ሳይጠፋ የሚቆይ ስክሪን ለአፕል የተሳካለት በ2019 ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ መታደሱን ትቶ ሲያርፍ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታደስ ተደረገ፣ ብርሃኑም ቀነሰ። ያኔም ቢሆን ኩባንያው ራሱ ቃል የገባው የባትሪ ዕድሜ 18 ሰዓት ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅ የሚደረገው ሌሊት ነው። ለፈጅር ስትነሳ ሰዓትህ እጅህ ላይ የለም ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ጠዋት ጥቁር መስታወት አስረህ ትወጣለህ። ሌላም አለ። እጅ ሲነሳ የሚበራ ስክሪን እጁ ለምን እንደተነሳ አያውቅም። ለተክቢራ ስታነሳም ሊበራ ይችላል፤ መልእክት ካለም ያሳይሃል፣ ከጎንህ ያለውንም ይረብሻል። ብዙዎቹ ስማርት ሰዓቶች ይህን ማጥፊያ አላቸውና መስጂድ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት።

መካከለኛው መንገድ

በ2012 ፔብል የተባለ ትንሽ ኩባንያ በኪክስታርተር በኩል ከ68,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ስክሪኑን የወረቀት ስክሪን ብሎ ቢሸጠውም፣ በእርግጥ የጃፓኑ ሻርፕ የሠራው «ሜሞሪ ኤልሲዲ» ነበር። በዚህ ስክሪን እያንዳንዱ ፒክስል ጥቁር ነኝ ወይስ ነጭ የሚለውን ራሱ ያስታውሳል፣ ስለዚህ ምስሉ እስኪቀየር ድረስ በየቅጽበቱ መታደስ አያስፈልገውም። ሁልጊዜ ይታያል፣ በፀሐይ ይነበባል፣ ባትሪው እስከ 7 ቀን ይቆያል። ቀለሙ ግን እንደ አሞሌድ ዓይን አይስብም። ኩባንያው በ2016 ተዘጋ። ቴክኖሎጂው ግን አልሞተም፤ ጋርሚን የሩጫና የተራራ ሰዓቶቹን ለዓመታት በዚሁ ዓይነት ስክሪን ሠርቷል። በ2024 ባወጣው ፊኒክስ 8 ደግሞ ገዢው አሞሌዱን ወይም ባትሪ የሚቆጥበውን እንዲመርጥ ሁለቱንም አቀረበ። የሰባዎቹ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም ማለት ነው።

የምንገዛ ከሆነ

የትኛውም ስክሪን በነጻ አያበራም። ራዲየም ከሠራተኛዋ አጥንት ወሰደ፤ ኤልኢዲና ኦሌድ ከባትሪው፤ ኤልሲዲ ከፀሐይ ተበድሮ በጨለማ ያስቸግራል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት «እኔ የትኛውን ዋጋ መክፈል እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሱቅ ስትገቡ ሁለት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ሰዓቱን ይዛችሁ ወደ ፀሐይ ውጡና አንብቡት። ከዚያ ጥቁር ምስል ከፍታችሁ ስክሪኑን በእጃችሁ አጨልሙት። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ካበራ፣ ሻጩ አሞሌድ ቢለውም ከጀርባው መብራት ያለው ተራ ኤልሲዲ ነው፤ የአሞሌድ ዋጋ አትክፈሉበት።

ስለ አገራችን አቆጣጠርም አንድ ነገር እንበል። ባለ ቆጣሪ ሰዓት ለሐበሻ ሰዓት ምንም አያስቸግርም፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ግማሽ ክብ ስለሆነ የትንሹን ቆጣሪ ተቃራኒ ማንበብ ይበቃል። ባለ ቁጥር ሰዓት ግን ምርጫ ያስገድዳል። በሐበሻ ከሞላችሁት ቀኑ የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ የቀንና የሌሊቱን ምልክት ካገላበጣችሁት ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ መግሪብ አካባቢ ይሆናል። የሶላት ወቅት የሚያሰላ ሰዓት ካላችሁ ግን በሐበሻ አትሙሉት። ስሌቱ የተሠራው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ አዛኑ በስድስት ሰዓት ይዛነፍባችኋል።

ከሁሉም በላይ፣ ሰዓት የሚታሰረው ጊዜን ለማወቅ ነው። ደማቅ ስክሪን አስሮ ቀኑን ሙሉ መልእክት ሲያይ የሚውል ሰው ሰዓቱ ጊዜውን እየበላበት ነው። ደብዛዛዋን ኤልሲዲ አስሮ ወቅቱን የሚጠብቅ ወንድም ከእርሱ የተሻለ ሰዓት አለው። አሞሌድ ገዝቶ በልኩ የሚጠቀምም አይወቀስም።

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።